ከሰማይ የመጣው ሰው ምን መረጠ?

ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን መጽሐፍ የምናነብ ጥቂት ሰዎች ነን። ባለፈው ክረምት የፕላቶን «ሪፐብሊክ» ይዘን ከርመን፣ መጨረሻው ላይ ያለው የኤር ተረት ጋ ደረስን፤ ሞቶ ስለነቃና በሙታን ዓለም ያየውን ስለተናገረ ሰው የሚተርክ ነው። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ያን ቀን ግን፣ ከሰማይ ተመልሶ አዲስ ሕይወት ሲመርጥ ስለተሳሳተ አንድ ሰው ስናነብ፣ የሚያነበውን ልጅ በእጃቸው አስቆሙት። «ቆይ እስቲ፣ ይኼ ሰውዬ የኖረው ጥሩ ከተማ ውስጥ ነው አይደል?» አሉ። አዎ አልናቸው። «ሲሞትም ሰማይ ነው የገባው?» አዎ። «ታዲያ ያቺ ከተማ ምን አስተማረችው?»

አንዱ ወጣት «እትዬ፣ ተረት እኮ ነው» አላቸው። እሳቸው ግን አልተዉትም። «ተረት ስለሆነማ ነው የምጠይቀው ልጄ። እኔ ስንት ዘመን ግብረ ገብ ያስተማርኩት በተረት ነው። በግብረ ገብ አንደኛ ይወጡ የነበሩ ልጆች፣ አድገው ወንበር ሲይዙ ሰው ሲያስለቅሱ አይቻለሁ።» የሚመልስላቸው አልተገኘም። ሰዓቱም ሄዶ ነበርና ተበታተንን።

ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ውይይታችን በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገራችን ነገሥታትና ወደ ትውልድ ሐረጋቸው ሊያጋድል ነበር። ለእሱም ጊዜ ይኖረዋል። እኔ ግን እዚያው ግሪክ ላይ መቆየት ፈለግሁ። እትዬ የጠየቁት ጥያቄ ፕላቶ ራሱ ሆን ብሎ መጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጠው ይመስለኛል።

ፕላቶ ገጣሚዎችን በመጽሐፉ ከነደፋት ከተማ እንዳባረረ ሁሉም ያውቃል። ብዙም የማይወራው፣ ያባረራቸው ሰው ራሱ ተረት መናገር አለመተዉ ነው። «ጎርጊያስ» የሚያልቀው በሙታን ፍርድ ተረት ነው። አትላንቲስን የሰጠን እሱ ነው። የዜኡስ አባት ክሮኖስ ሲገዛ አምላክ ሰዎችን እንደ እረኛ ይጠብቅ ስለነበረበት ዘመን የተረከውም «ፖለቲከኛው» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ነው። «ሪፐብሊክ» ደግሞ በአንድ የቀለበት ተረት ክርክሩን ይጀምርና በሙታን ተረት ይጨርሳል።

የተለመደው መልስ ተረት ለሕዝቡ፣ ክርክር ለአዋቂው የሚል ነው። አርስቶትል በ«ሜታፊዚክስ» ላይ ወደዚህ ይጠጋል። ከጥንት የወረስነው ስለ አማልክት የሚነገረው አብዛኛው ነገር ብዙኃኑን ለማሳመን፣ ለሕግና ለጥቅም ሲባል የተጨመረ ነው ይላል። ይህ መልስ አያረካኝም። የፕላቶን ተረቶች የሚሰሙት እነማን እንደሆኑ እዩ። ገበሬም ጫማ ሰፊም አይደሉም። የተማሩ፣ ከትልልቅ ቤት የተወለዱ፣ ነገ አገር እንገዛለን ብለው የሚያስቡ ወጣቶች ናቸው።

ሄርሜስ የጠየቀው ጥያቄ

እንደገና ሳነባቸው አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። በፕላቶ መጻሕፍት ውስጥ የሚነጋገሩት ሰዎች ማን ይግዛ በሚለው ጥያቄ ላይ ተረት ሲጀምሩ፣ ተረቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ የማከፋፈል ትዕይንት አለ። አንድ አካል የሆነ ነገር ያድላል። ለማን ምን ደረሰው የሚለው ላይ ፖለቲካው ሁሉ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ፕሮታጎራስን ልውሰድ። የአብዴራ ሰው ነው፤ በክፍያ የሚያስተምር ስመ ጥር ሶፊስት። ሶቅራጥስ የፖለቲካ ብቃት በትምህርት ይገኛል ወይ ብሎ ሲሞግተው፣ ሽማግሌ ለወጣቶች እንደሚያወራ በተረት ልንገራችሁ ወይስ በክርክር ላስረዳ ብሎ አማረጣቸው። እንደወደድክ አሉት። ተረቱ ይጣፍጣል ብሎ ጀመረ።

ፍጥረት ሲፈጠር ኤፒሜቴዎስ ስጦታውን ሁሉ ለእንስሳቱ አድሎ ጨረሰው። ለአንዱ ፍጥነት፣ ለአንዱ ጉልበት፣ ለአንዱ ክንፍ፣ ለአንዱ ወፍራም ቆዳ። የሰው ተራ ሲደርስ ምንም አልተረፈም። ሰው ራቁቱን ቆመ። ፕሮሜቴዎስ ከአማልክት ዘንድ እሳትና የእጅ ጥበብ ሰርቆ ሰጠው። ሰዎች ቤት ሠሩ፣ ልብስ ሠሩ፣ ቋንቋ አወጡ። አብሮ መኖር ግን አቃታቸው። ከአውሬ ለመዳን ይሰበሰባሉ፤ ተሰብስበው ይበዳደላሉ፤ ተመልሰው ይበተናሉ፤ አውሬ ይጨርሳቸዋል። የአማልክት አለቃ ዜኡስ ዘራቸው እንዳይጠፋ ሠጋና መልእክተኛውን ሄርሜስን ሃፍረትና ፍትሕ አስይዞ ላከው።

ሄርሜስ ከመውረዱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀ። እንደ ሕክምና ላድለው? አንድ ሐኪም ለብዙ ሰው ይበቃል። ወይስ ለሁሉም? ዜኡስ ለሁሉም አለው። ጥቂቶች ብቻ ከያዙት ከተማ የሚባል ነገር አይኖርም።

ፕሮታጎራስ ከዚህ ተነሥቶ አቴንስን ያስረዳል። ግንባታ ሲሆን ግንበኛ ይጠራል። መርከብ ሲሆን መርከብ ሠሪ ይጠራል። የከተማው አስተዳደር ሲሆን ግን አናጺውም፣ ቀጥቃጩም፣ ጫማ ሰፊውም፣ ነጋዴውም፣ ሀብታሙም፣ ድሃውም ተነሥቶ ይናገራል። ማንም አይከለክለውም። ስለ ዴሞክራሲ ከሰማኋቸው መከላከያዎች ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። ሁሉም ሰው ብልህ ነው አይልም። ሁሉም ሰው ማፈር ይችላል ነው የሚለው። አብረን ለመምከር የሚያበቃን እሱ ነው።

ተረቱ የዋህ ነው የሚል ሰው ካለ መጨረሻውን ያንብብ። ከሃፍረትና ከፍትሕ መካፈል የማይችል ሰው እንደ ከተማ በሽታ ይገደል ብሎ ዜኡስ ሕግ ያወጣል። ፕሮታጎራስም ስጦታው ብቻውን አይበቃም ይላል። ሞግዚት፣ እናት፣ አባት፣ መምህር፣ በመጨረሻም ሕግ ራሱ ልጁን ከሥር ከሥሩ እየተከታተሉ ያስተምሩታል።

አንድ እናት፣ የተለያየ ማዕድን

አቴንሳውያን ስለራሳቸው የሚያወሩት ሌላም ተረት ነበራቸው። ከሌላ አገር አልመጣንም፣ ከዚሁ አፈር በቅለናል ይሉ ነበር። ከጥንት ነገሥታታቸው አንዱ ኤሪክቶኒዮስ ከምድር ተወልዶ አቴና የተባለችው አምላክ አሳደገችው ይባላል። በጦርነት ለሞቱት በሚደረገው የቀብር ንግግር ላይ ይህ ነገር ይወሳል። ፕላቶ «ሜኔክሴኖስ» ውስጥ ሶቅራጥስን እንዲህ ያለ ንግግር ያስነግረዋል። ሁላችን የአንዲት እናት ልጆች ነን፤ ስለዚህ አንዳችን ለሌላችን ጌታም ባሪያም አንሆንም፤ በትውልድ እኩል መሆናችን በሕግም እኩልነትን እንድንፈልግ ያደርገናል ይላል።

መስማት ደስ ይላል። ግን ይኸው ተረት በር ይዘጋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 በአቴንሱ መሪ በፔሪክሊስ አቅራቢነት በወጣው ሕግ፣ ዜግነት አባቱም እናቱም አቴንሳዊ ለሆኑ ሰው ብቻ ሆነ። ሕጉን ተረቱ ወለደው አልልም፤ አብረው ግን ይሄዳሉ። «ሪፐብሊክ» ውስጥ ያለው ውይይት በሙሉ የሚካሄደው በወደቡ በፒሬዎስ፣ በፖለማርኮስ ቤት ነው። የፖለማርኮስ አባት ኬፋሎስ ከሲራኩስ የመጣ ሰው ነው። ቤተሰቡ ሀብታም ነው፤ ጋሻ የሚያመርት ድርጅት አላቸው። ግን መጤ ናቸው። ስለ ፍጹሟ ከተማ ሌሊቱን የሚወራበት ቤት ባለቤቶች በጉባኤ ላይ ድምፅ የላቸውም።

ሶቅራጥስ በ«ሪፐብሊክ» ሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ይህን የአፈር ተረት አነሣና ለወጠው። መናገሩን ይፈራዋል። በምን ድፍረት፣ በምን ቃል እንደምናገረው አላውቅም ይላል። አብሮት የሚወያየው ወጣት ግላውኮን ይገፋፋዋል። ለዜጎቹ እንዲህ ተብሎ ይነገራቸዋል፤ ያደጋችሁበትና የተማራችሁት ሁሉ ሕልም ነበር፤ በእውነት የተሠራችሁት ከነመሣሪያችሁ ከምድር በታች ነው፤ ስታልቁ እናታችሁ ምድር ወደ ላይ አወጣቻችሁ። ሁላችሁም ወንድማማቾች ናችሁ። ግን አምላክ ሲሠራችሁ ለመግዛት የሚበቁት ላይ ወርቅ ጨመረ፤ ወታደሮቹ ላይ ብር፤ ገበሬውና የእጅ ባለሙያው ላይ ብረትና ነሐስ።

ይህ ለአቴንሳዊ ጆሮ ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። አንዲት እናት ስላለችን እኩል ነን ሲባል ያደገ ሰው ነው። አሁን ደግሞ አንዲት እናት አለችን፣ እኩል ግን አይደለንም ይባላል። የፕሮታጎራስ ዜኡስ ለሁሉም አድሉ ሲል፣ የሶቅራጥስ አምላክ ለያይቶ ቀላቅሏል።

ሰዎች ይህን ተረት ሲያወግዙ ግማሹን ይዘሉታል። ከወርቅ ወላጆች የብር ልጅ ሊወለድ ይችላል፤ ከብረትም የወርቅ። ገዢዎች የገዛ ልጃቸው ብረት ያለበት ሆኖ ከተገኘ ሳይራሩ ወደ ገበሬዎቹ ያወርዱታል። የገበሬው ልጅ ወርቅ ከሆነ ያወጡታል። ይህ ለመኳንንት ወገን የሚመች ቃል አይደለም። ፕላቶ ራሱ ከመኳንንት ወገን ሆኖ ይህን መጻፉን አከብርለታለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሶቅራጥስ ሰዎቹን ይህን የምናሳምንበት ዘዴ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ግላውኮን እነሱን እንኳ አይቻልም ይላል፤ ልጆቻቸውንና ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ግን ይቻላል። ሶቅራጥስም ቢቻል ገዢዎቹ ራሳቸው እንዲያምኑት ይመኛል። ስለዚህ ገዢ ሕዝብን የሚያታልልበት ነገር ብቻ አይደለም። ሁለት ትውልድ ካለፈ በኋላ ተረት መሆኑን የሚያውቅ አንድም ሰው ከተማው ውስጥ አይቀርም። እኛ ልጅ ሆነን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን መልሰን ነው የምንገባበት። በሩን እያየን ገብተን እያየን እንወጣለን። የማዕድናቱ ተረት ግን በር የለውም።

አንደኛ ዕጣ የወጣለት ሰው

አሁን ወደ ኤር ልምጣ። ኤር የፓምፊሊያ ሰው ነው። በጦርነት ሞተ። በ10ኛው ቀን ሬሳ ሲነሣ የሌሎቹ በስብሶ፣ የእሱ ግን ደህና ሆኖ ተገኘ። በ12ኛው ቀን ሊያቃጥሉት እንጨት ላይ አጋድመውት ሳለ ነቃ። ያየውንም ተናገረ። ጻድቃን ወደ ሰማይ ይወጣሉ፤ በደለኞች ወደ ምድር ውስጥ ይወርዳሉ፤ ጉዞው 1,000 ዓመት ነው፤ እያንዳንዱ በደል ዐሥር እጥፍ ይከፈልበታል። አባቱንና ታላቅ ወንድሙን የገደለው አምባገነኑ አርዲያዮስ መውጫው ጋ ሲደርስ ጉድጓዱ ይጮህበታል፤ አስረው እሾህ ላይ ይጎትቱታል።

ይህን ክፍል ቶሎ ልለፈው። የፍርድና የቅጣት ተረት በየአገሩ አለ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ግን ሌላ ቦታ አላየሁም።

ሁለቱም ወገኖች አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። አሁን ወደ ምድር ለመመለስ ሕይወት ሊመርጡ ነው። አዋጅ ነጋሪው ከዕድል አማልክት አንዷ ከሆነችው ከላኬሲስ ጉልበት ላይ ዕጣዎችንና የሕይወት ዓይነቶችን አንሥቶ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ወጣ። ዕድል አይመርጣችሁም፣ እናንተ ትመርጣላችሁ አላቸው። ጥፋቱ የመራጩ ነው፤ አምላክ የለበትም። ከዚያ ዕጣውን በተናቸው። ዕጣው የሚወስነው ተራ ብቻ ነው። ሕይወቶቹ መሬት ላይ ተዘርግተዋል፤ ከመራጮቹ ቁጥር እጅግ ይበልጣሉ። የእንስሳት ሕይወት አለ። የጀግና አለ። ሥልጣኑን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይዞ የሚቆይና መሃል ላይ ተገልብጦ በስደትና በልመና የሚያልቅ አምባገነንም አለ። ነጋሪው አስጠነቀቀ፤ መጀመሪያ የሚመርጠው አይዘናጋ፣ መጨረሻ የደረሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ አስቦ ለመረጠ ለመጨረሻውም የሚበቃ ሕይወት አለ።

አንደኛ የወጣለት ሰው ወዲያው ሄዶ ትልቁን አምባገነንነት አነሣ። ውስጡን አላየም። ሕይወቱ ውስጥ የገዛ ልጆቹን መብላት ተጽፎ ነበር። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። ይህ ሰው ግን መልቀምም አልቻለም። ረጋ ብሎ ሲያየው ደረቱን እየመታ አለቀሰ። ዕድልን ከሰሰ፣ መናፍስትን ከሰሰ፣ ከራሱ በቀር ሁሉንም ከሰሰ።

ይህ ሰው ማን ነው? አንባቢ ወንበዴ ይጠብቃል። ፕላቶ ግን ከሰማይ ከመጡት አንዱ ነው ይላል። በፊተኛው ሕይወቱ በሥርዓት በምትተዳደር ከተማ ኖሯል። በጎ ሰው ነበር። በጎነቱ ግን ከልማድ እንጂ ከፍልስፍና አልነበረም። እንዲህ ካለ ምርጫ የወደቁትም አብዛኞቹ ከሰማይ የመጡት ናቸው፤ መከራ አልለመዱማ። ከምድር ውስጥ የመጡት ግን ራሳቸው ተሠቃይተዋል፣ ሌላው ሲሠቃይም አይተዋል፤ አልቸኮሉም።

ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ሰውየው አንድም ቀን ሌላውን አልበደለም። 1,000 ዓመት ደስታ ተከፍሎታል። ፍርዱ ትክክል ነበር። ችግሩ የመጣው ሜዳው ላይ ነው። ሜዳው ላይ ከተማ የለም። ሕግ የለም፣ ጎረቤት የለም፣ የሚቆጣ መምህር የለም። የሚያየውም የለም ማለት ይቻላል። ግላውኮን በሁለተኛው መጽሐፍ ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። የሊዲያው እረኛ ሰው እንዳያየው የሚያደርግ ቀለበት አገኘ፤ ንግሥቲቱን አባለገ፣ ንጉሡን ገደለ፣ ወንበሩን ያዘ። ጻድቅ የሚባለው ሰው ይህን ቀለበት ቢያደርግ ጻድቅ ሆኖ ይቀራል ወይ? ሶቅራጥስ መልሱን በክርክር ሲያዘጋጅ መጽሐፉ አለቀ ማለት ይቻላል። የኤር ተረት ግን በአንድ ሰው ያሳየናል። በሥርዓት ያደገው ሰው ቀለበቱን አየና አነሣው።

አሁን ወደሚከብደው ነጥብ ደረስኩ። ፕላቶ ይህ ሰው የኖረባት ከተማ ሶቅራጥስ የነደፋት ከተማ ናት አይልም። በሥርዓት የምትተዳደር ከተማ ብቻ ይላል። እኔ ግን ሳነበው ያቺን ከተማ ሳላስብ ማለፍ አልቻልኩም። ያቺ ከተማ ልጆቿን ከክፉ ተረት ትጠብቃለች። ኡራኖስና ክሮኖስ ያደረጉት ሁሉ፣ ልጅ በአባቱ ላይ መነሣቱ፣ እውነት ቢሆን እንኳ ለልጅ አይነገርም ተብሏል። የግድ ከሆነ ለጥቂቶች፣ በምስጢር፣ ከባድ መሥዋዕት ካቀረቡ በኋላ ብቻ። ልጆቹን የዋጠው ክሮኖስ ነው። ይህን ተረት ሰምቶ የማያውቅ ልጅ አድጎ፣ ልጆቹን የሚበላበት ሕይወት መሬት ላይ ተቀምጦለት ሲያገኘው አላወቀውም። በስምንተኛው መጽሐፍ ደግሞ ሶቅራጥስ አምባገነን እንዴት እንደሚወለድ ሲያስረዳ የአርካዲያን ተረት ይጠቅሳል፤ የሰው ሥጋ የቀመሰ ተኩላ ይሆናል። የተከለከለው ተረት ሲያስፈልግ ተመልሶ ገባ።

ሁለተኛው ነገር ልቅሶው ነው። ሰውየው ሁሉንም ሲከስ ራሱን አለመክሰሱ። ነጋሪው ጥፋቱ የመራጩ ነው ካለ ገና ብዙ አልቆየም። ይህ ሰው ከየት ነው ይህን ጠባይ ያመጣው? አምላክ ነው የሠራኝ፣ አምላክ ነው የቀላቀለኝ፣ ቦታዬን ያወቀልኝ እሱ ነው ሲባል ያደገ ሰው፣ ጥሩ ነገር ሲገጥመው የእኔ ድርሻ ነው ይላል። መጥፎ ሲሆንበት ያው አዳዩን ይከሳል። ሕይወቱን ሙሉ ለመታዘዝ በቅቷል። ለመምረጥ ግን አልተለማመደም። የማዕድናቱ ተረት ከተማን ያረጋጋ ይሆናል። የሚያረጋጋው ግን ሰው ስለ ራሱ ተጠያቂ የሚሆንበትን ጡንቻ እንዳይሠራ በማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገዢዎቹ እኮ ብዙ ዓመት ይማራሉ፤ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሥነ ፈለክ፣ በመጨረሻም ክርክር፤ 50 ዓመት ሳይሞላቸው መልካሙን አያዩም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን እሱ ለጥቂቶች ነው። ለጥቂቶች ፍልስፍና፣ ለብዙዎች ልማድ። ሜዳው ላይ ግን ሁሉም ይቆማል። እዚያ ሲደረስ ዕጣው ማዕድን አይለይም።

ከምድር ውስጥ የወጡት ሰዎች ተሽለው መገኘታቸው ሥቃይ ጥሩ ነው ለማለት አይመስለኝም። ፕላቶ ራሱ በዚህ የተነሣ ከነፍሳት አብዛኞቹ ክፉውን በደግ፣ ደጉን በክፉ ይለዋወጣሉ ይላል፤ የዚህኛው ዙር ጻድቅ የሚቀጥለው ዙር አምባገነን ነው። ይህ የሚያጽናና ነገር የለውም። እነሱ የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሕይወት ሌላ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በዓይናቸው አይተዋል፤ ስለዚህ ከማንሣታቸው በፊት ውስጡን አዩ።

ተረቱን የሰማው ማን ነበር?

የመጨረሻው ዕጣ የወጣው ለትሮይ ጦርነት ጀግና ለኦዲሲየስ ነው። ያን ሁሉ ድካሙን አስታውሶ የክብር ጥማቱ ቀርቷል። ለረጅም ጊዜ እየዞረ የፈለገው በራሱ ጉዳይ ብቻ የሚኖር ተራ ሰው ሕይወት ነው። ሌሎቹ ንቀው ጥለውት አንድ ጥግ አገኘው። አንደኛ ቢወጣልኝም ይህንኑ እመርጥ ነበር አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ምርጫ ግራ ያጋባል። ሁሉም እንደ ኦዲሲየስ ከሆነ ማን ይግዛ? ሶቅራጥስ መልሱን በመጀመሪያው መጽሐፍ ሰጥቶታል። ደግ ሰው ለመግዛት እምቢ ሲል ትልቁ ቅጣቱ ከእሱ በባሰ ሰው መገዛት ነው። ስለዚህ ሊገዛ የሚገባው ወንበሩን የማይጓጓለት ሰው ነው።

ይህን የሚሰማው ግላውኮን ነው፤ የፕላቶ ወንድም። ግላውኮን በእውነት የኖረ ሰው ነው። ሌላው የሶቅራጥስ ተከታይ ዜኖፎን ስለ እሱ ጽፏል። 20 ዓመት ሳይሞላው ከተማውን ካልመራሁ ብሎ ጉባኤ ላይ ይወጣል። ከመድረኩ ጎትተው ያወርዱታል፤ ሰው ይስቅበታል። ማንም ሊያስቆመው አልቻለም። ሶቅራጥስ ጠራውና መጠየቅ ጀመረ። የከተማው ገቢ ከየት ነው የሚመጣው? ወጪው ስንት ነው? የጠላት ጦር ምን ያህል ነው? ከብር ማዕድኑ የሚገኘው ለምን ቀነሰ? እህሉ ከተማውን እስከ መቼ ያቆያል? ግላውኮን አንዱንም አያውቅም። እንግዲያው በአጎትህ ቤት አስተዳደር ጀምር ይለዋል ሶቅራጥስ። አጎቴ አልሰማ አለኝ እንጂ ይላል ግላውኮን። አንድ አጎት ማሳመን ያልቻልክ አቴንሳውያንን ሁሉ እንዴት ታሳምናለህ?

በዜኖፎን ጽሑፍ ውስጥ ለዚህ ልጅ ተረት አልተነገረውም፤ ሒሳብ ነው የተጠየቀው። ፕላቶ ግን ለዚያው ወንድሙ አንደኛ ዕጣ ስለወጣለት ሰው አስነገረው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳነብ የኤር ተረት ለማን እንደተቆረጠ ግልጽ ሆነልኝ። ስለ ሙታን ዓለም ለሚጨነቅ ሽማግሌ አይደለም። ወንበር ለማንሣት ለሚቸኩል ወጣት ነው።

ከፕላቶ ቤተሰብ ሰዎች መሃል ቸኩለው ያነሡትም አሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 አቴንስ በስፓርታ ተሸንፋ ሠላሳዎቹ አምባገነኖች ሥልጣን ሲይዙ፣ መሪያቸው ክሪቲያስ የፕላቶ እናት ዘመድ ነበር። የእናቱ ወንድም ካርሚደስም ፒሬዎስን ከሚያስተዳድሩት ዐሥሩ ሰዎች አንዱ ሆነ። ሰው ሁሉ በስውር እንዳይበድል አንድ ብልህ ሰው አማልክትን ፈጠረ የሚል የቲያትር ግጥም አለ፤ ከጥንት አንዳንዶቹ የክሪቲያስ ነው፣ ሌሎቹ የዩሪፒደስ ነው ይላሉ። ክሪቲያስ ጻፈውም አልጻፈው፣ የሠላሳዎቹ አገዛዝ ተረት መፍጠር አላስፈለገውም። በጥቂት ወራት ከ1,500 የማያንሱ ሰዎች ገደለ። የመጤ ሀብታሞችን ንብረት ለመዝረፍ ቤት ለቤት ዞሩ። ፖለማርኮስን መንገድ ላይ ይዘው ክሱን ሳይነግሩት መርዝ አጠጡት። ወንድሙ ሊሲያስ አምልጦ በኋላ ይህን በክስ ንግግሩ ላይ ተናግሯል። ክሪቲያስና ካርሚደስ በ403 እዚያው ፒሬዎስ ውስጥ በተደረገ ውጊያ ሞቱ።

የ«ሪፐብሊክ» የመጀመሪያ አንባቢዎች ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ሶቅራጥስ ተረቱን ጨርሶ፣ ከተቀበልነው ያድነናል ሲል፣ ከሚሰሙት አንዱ ፖለማርኮስ መሆኑንም ያውቃሉ። እሱን ግን ተረት ሊያድነው አይችልም ነበር። ሊድን የሚችለው ሌሎቹ ሜዳው ላይ ቆም ብለው ቢያስቡ ብቻ ነው። ክሪቲያስና ካርሚደስ ደግሞ ልማድ ብቻ ይዘው ያደጉ ሰዎች አልነበሩም። ከሶቅራጥስ ጋር ለዓመታት ተቀምጠው ተወያይተዋል፤ ፕላቶ ራሱ በሌሎች መጽሐፎቹ ውስጥ ከእሱ ጋር ሲነጋገሩ ያሳየናል። ፍልስፍና አጠገብ መቀመጥ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ለፕላቶ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም ነበር። ሁለቱም የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው።